በቀን አንድ ክንድ

ወንዝ ዳር ባለ አንድ የወይና ደጋ መንደር የሰው ቤት ሲለካ የሚውል ጎልማሳ ነበር። ጎረቤቱ «አያ ቱንቢ» ይለዋል፤ ከኪሱ የማትለይ ቱንቢ ነበረችውና። አዲስ ቤት ሲመረቅ ሌላው እንግዳ ዳቦውንና ጠላውን ያያል፣ እሱ ማዕዘኑን። ክሯን ከጣራው ጠርዝ ቁልቁል ይለቅና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሁለት ጣት ዘሟል» ይላል። የባለቤቱ ፊት ይጠቁራል። አያ ቱንቢ ግን ዋሽቶ አያውቅም፤ ሁለት ጣት ካለ ሁለት ጣት ነው።

እሱ ራሱ የሚያድረው አጎቱ ጓዳ ነው። ቦታ አጥቶ አይደለም። ከወንዙ ከፍ ብሎ ካለው መሬቱ ላይ ቋሚ አቁሟል፣ ማገር አስሯል፣ ጣራውንም ቆርቆሮ አልብሷል። የቀረው ጭቃ ነው። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ጭቃ ያቦካና አንድ ክንድ ያህል ይመርጋል። እጁን ውሃ እየነከረ ያሸዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ራቅ ብሎ ያየዋል፣ ተመልሶ ያሸዋል። ማታ አምሮ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ በዶማ ፍቆ ያወርደዋል። በመጀመሪያው ዓመት አፈሩን ወቀሰ፣ ከማዶ ቀይ አፈር አስመጣ። በሁለተኛው ጭዱን ወቀሰ፣ የገብሱን ትቶ የጤፍ ጭድ ገዛ። በሦስተኛው ውሃውን። ከዚያ ወዲህ ያለውን እሱም አይቆጥረውም። የተረፈው ጭቃ በየክረምቱ ታጥቦ ወንዝ ይወርዳል። ዘመድ «መቼ ነው የምትወጣልን?» ሲለው መልሱ አንድ ነው፤ «ቤቴ እስኪያልቅ።»

በመንደሩ እንዲህ ያለው እሱ ብቻ አልነበረም። ጣራ ለብሶ ግድግዳ ያልለበሰ ቤት በየጥጉ ይታያል። ጣራው በደቦ ይወጣል፤ ጭቃው ግን የባለቤቱ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሥራ አለበት።

በአንዱ ዓመት የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ሰዉን ዋርካ ሥር አስቀመጡ። ድሮ ግንበኛ ነበሩ ይባላል። የሠሩትን ቤት አሳዩኝ ያለ ሰው ግን የሚያሳየው አላገኘም።

«ጣራ ኖሮት ግድግዳ የሌለው አሥራ አንድ ቤት ቆጠርሁ» አሉ። «ከነገ ጀምራችሁ ጭቃችሁን አቡኩ። በደንብ ይቡካ፣ ይሽተት፤ ያልሸተተ ጭቃ አልቦካም። ከየካቲት ልደታ እስከ መጋቢት ልደታ ሠላሳ ቀን ነው። የማናችሁም ቤት ዙሪያው ከሠላሳ ክንድ አያልፍም። በቀን አንድ ክንድ፣ ከመሬት እስከ ጣራ። ትናንት የመረጋችሁትን ዛሬ አትነኩም። ማታ ማታ እዚህ ትመጡና ስንት ክንድ እንደደረሳችሁ ትናገራላችሁ። ሌላ ወሬ የለም።»

«ማማሩንስ ማን ያያል?» አለ አያ ቱንቢ።

«ማንም።»

«ያልጨረሰ ምን ይሆናል አባባ?» አለች አንዲት ሙሽራ።

«ምን ይሆናል? ሄጄ አላፈርስበት።»

«የጨረሰስ?»

«ግድግዳ ይኖረዋል።»

ሰው ሳቀ። አሥሩ እሺ አሉ። አያ ቱንቢ «ጭቃ በችኮላ አይሆንም» ብሎ ነጠላውን አራግፎ ሄደ።

የመጀመሪያው ሳምንት በዘፈን አለፈ። ጎረምሳው እያዜመ ይረግጣል፣ ልጆች ጭድ ይበትናሉ፣ ማታ ዋርካው ሥር ንፍሮ ይቀርባል። ሽማግሌው «ስንት?» ይላሉ፤ «አራት» ይሏቸዋል፤ «በርታ» ይላሉ። በቃ። አንዱ «እኔ እንኳ አባባ፣ በጓዳው በኩል ትንሽ…» ብሎ ማብራራት ሲጀምር የንፍሮውን ሳህን ወደሱ ይገፉለታል።

ሁለተኛው ሳምንት ሌላ ነው። ዘፈኑ ቀረ። የጭቃው ሽታ ከሰው ጋር አብሮ ያድር ጀመር፤ እጅ ተሰነጠቀ፣ ጥፍር ሥር ጭድ ገባ። የመጀመሪያው ጎን አልቆ ማዕዘን ሲዞር ደግሞ ነገር ሁሉ ይበላሻል፤ ከወዲህ የመጣውና ከወዲያ የሚጀመረው አይገጥምም። ሰው ዞር ብሎ የሠራውን ያያል፤ ወፍራም፣ ጎባጣ፣ የጣት አሻራ የሞላበት። ሦስት ሰዎች በዚያ ሳምንት ከዋርካው ጠፉ። አንደኛው አጎቴ ታመመ አለ፣ ሁለተኛው ጭድ ተወደደ አለ፣ ሦስተኛው ምንም አላለ። እኔ የማከብረው ሦስተኛውን ነው።

ከቀሩት መካከል ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች አሏት፣ በገበያ ቀን እንጀራ ትሸጣለች። ለጭቃ የሚሆን ቀን የላትም። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ፣ ልጆቿ ሳይነሡ፣ አንድ ክንዷን መርጋ እጇን ትታጠብና ምጣዷን ትጥዳለች። የሠራችውን ቆማ የምታይበት ጊዜ ስለሌላት አታየውም። አንድ ማታ ግን፣

«አባባ፣ ግድግዳዬ ሆዱን ነፍቷል» አለቻቸው።

«ስንት ክንድ ደረሰልሽ?»

«ዘጠኝ።»

«በርቺ ልጄ።»

«ሆዱን ነፍቷል እኮ ነው የምልዎ!»

«ሰማሁ። ዘጠኝ ነው ያልሽኝ።»

አያ ቱንቢ በበሯ ሲያልፍ አይቶታል። አራት ጣት ዘሟል። ሊነግራት አፉን ከከፈተ በኋላ ተወው። አራት ጣት የዘመመው ግድግዳ ነፋሱን ይዞ ቆሟል፤ በራሱ ማገር መካከል ግን ፍየል ትመላለሳለች። ጭቃውን እንደ ልማዱ በጥር አቡክቶት ነበርና ወሩ በገባ በአሥረኛው ቀን ሱሪውን ጠቅልሎ ገባበት።

የመጀመሪያውን ቀን ቱንቢዋን ማገር ላይ ሰቅሎ እየለካ ሲመርግ ግማሽ ክንድ ላይ መሸበት። ማታ «ግማሽ» አለ። ሽማግሌው «ግማሽ የሚባል ቁጥር አላውቅም» አሉት። በማግሥቱ በንዴት ሲለጥፍ ዋለ፤ እጁ ጭቃ ስለነበር ቱንቢዋን ከተሰቀለችበት አላወረዳትም። ማታ ኪሱን ሲዳብስ የለችም። ግድግዳው ውስጥ ቀርታለች። ሲነጋ ቆፍሮ ሊያወጣት አሰበ፤ ትናንት የተመረገ ግን ዛሬ አይነካም። እዚያው ቀረች። በኋላ ሌላ ገዛ።

አሥራ አንደኛው ክንድ ላይ ከበሩ ቦታ ደረሰ። በሩ ወደ መንገዱ እንዲከፈት ለዓመታት ሲያስብበት ኖሯል፤ መቃኑንም ከባሕር ዛፍ አስጠርቦ አቁሞት ነበር። ሲነካው ውስጡ ባዶ ነው። ሲጠብቅ በኖረባቸው ዓመታት ምስጥ በልቶታል። ድሮ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ይቆማል፤ የጽድ እንጨት ፍለጋ ዘመድ ቤት ይሄዳል፣ ዘመድ ቤት ሠርግ ይገጥመዋል፣ ክረምት ይገባል። አሁን ግን ማታ የሚጠብቀው «ስንት?» የሚል ጥያቄ አለ። አንድ ቀን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አሰበ። በማግሥቱ የበሩን ቦታ በማገር ዘጋና መረገው፤ በሩን በጀርባ በኩል፣ ወደ ወንዙ አዞረው።

የባለሱቁን ልጅ ረሳሁት። እሱም ከአሥሩ አንዱ ነበር። ከከተማ አምስት ሠራተኛ አስመጥቶ ቤቱን በሦስት ቀን አስመረገና ዋርካው ሥር ቆሞ «ሠላሳ!» አለ። ንፍሮ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ።

«ይሄ ይቆጠራል?» አለች ባሏ የሞተባት።

ሽማግሌው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ሁሉም ሰው እጅ የለው፤ ያሠራንም አንነቅፍም» አሉ።

ደግ አልተናገሩም። ነገሩ ልጁ ገንዘብ ስላለው አልነበረም። እዚያ ለተቀመጡት ሰዎች በየማታው የሚጠሩት ቁጥር የወገባቸው ሕመም ነው፤ በዚያ ማታ ቁጥሩ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ንፍሮው እንደ በፊቱ አልጣፈጠም። አንዳንዱ ክንዱን ቤቱ ሆኖ መቁጠር ጀመረ።

መጋቢት ልደታ ደረሰ። ሠላሳ የሞሉት፣ የባለሱቁን ልጅ ሳይጨምር፣ አራት ናቸው፤ እንጀራ ሻጯ አንዷ ናት። አያ ቱንቢ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆሟል። የሁሉም ግድግዳ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። አያ ቱንቢ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸውና፣ «ይኸውልዎ አባባ፤ እኔ ስፍቅ የኖርሁት ለዚህ ነበር» አለ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ አስገብተው ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዟዟሩት። ወዲያ ጥግ ላይ ደግሞ አያ ቱንቢ በየዓመቱ ሲፈቀፍቅ ሳይነካ ያቆየው፣ የሚኮራበት ለስላሳ ቁራጭ ነበር፤ መዳፍ የምታህል፣ ስንጥቅ የሌለባት። እበት የገባበት የልስን ጭቃ ሁለት እፍኝ አስመጡ። አንዱን ስንጥቁ ላይ፣ አንዱን ለስላሳው ላይ ለጠፉና «ሲደርቅ እየው» ብለው ሄዱ። ሲደርቅ የለስላሳው መሬት ወድቆ ተገኘ። የስንጥቁን ሊነቅለው ሞክሮ ጥፍሩ ተሰበረ።

ሙሽራዋ ወሩ ባለቀ በማግሥቱ እንግዳ ጠራች። ጾም ስለነበር ሽሮና ጠላ ነው። ቄሱ ቤቱን ሊባርኩ ገብተው በስንጥቁ በኩል ውጪ ያሰሯትን በቅሏቸውን አዩ። እንግዳው ሳቀ፣ እሷ አፈረች። ከዚያ በኋላ ያንን ግድግዳ ማየት አስጠላት፤ ሳይለሰን ክረምት ገባ፣ የምዕራቡ ጎን ተናደ።

የባለሱቁ ልጅ ልስኑንም አስለሰነ፤ ከመንደሩ ቤት ሁሉ የሱ ያምር ነበር። መደርደሪያ ሊሰቅል ምስማር ሲያነሣ ግን ቋሚው የት እንዳለ አያውቅም። ሦስት ቦታ መታ፣ ሦስት ቦታ ጭቃው ረገፈ። በእጁ የመረገ ሰው ቋሚውን በጨለማ ዳብሶ ያገኘዋል።

እንጀራ ሻጯ መጋቢትን በሙሉ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ አላየችም። ገበያዋን ዋለች። ሚያዝያ ላይ አንድ እሑድ ከውጪ ቆማ ስታየው መስኮቱ ጭስ የማያወጣ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ገባት። ሆዱን የነፋውን ጎን፣ ስምንቱን ክንድ በሙሉ፣ አፈረሰችው። አያ ቱንቢ ደንግጦ ሮጠ።

«እቴ፣ ምን ነካሽ?»

«ምን ሆንሁ? ሌላው ጎን ቆሟል እኮ» አለችው።

እሱ ራሱ አሥራ አንዱን ክንድ በሰሌን ጋርዶ በዚያው ሰሞን ገባ። ጠዋት በወንዙ በኩል ያለውን በር ሲከፍት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች፤ በሩን ሲያስብ በኖረባቸው ዓመታት ይህ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም። ቤት ሲመረቅ ዛሬም ክሯን ያወጣል፣ ዛሬም «ሁለት ጣት» ይላል። ልዩነቱ፣ አሁን «ልስን ላይ ይታያል» ብሎ ይጨምርበታል።

ይህ ምሳሌ ነው፤ እውነተኛው ዋርካ የነበረው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 ክሪስ ባቲ የተባለ ወጣት ጸሐፊና ጓደኞቹ፣ በድምሩ 21 ሰዎች፣ በአንድ ወር ውስጥ እያንዳንዳቸው ልብ ወለድ ለመጻፍ ተስማሙ። በዓመቱ ወሩን ወደ ኖቬምበር አዛወሩት፤ እዚያ ኖቬምበር አየሩ የሚከፋበት፣ ሰው ቤቱ የሚከተትበት ወር ነው። ተሳታፊው 140 ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች ተቆጠረ። ውድድሩ ናኖራይሞ በሚል አጭር ስም ታወቀ። ደንቡ በ30 ቀን 50,000 ቃል ነበር፣ በቀን 1,667 ገደማ። ዳኛ አልነበረም፣ ማንም አያነበውም ነበር፣ የሚቆጠረው ቃል ብቻ ነበር።

ልብ ወለድ በቁጥር አይሠራም የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። አይሠራም፤ እውነታቸውን ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሳይጽፍ የመጀመሪያውን ለዓመታት የሚያሽ እጅን መያዝ። እዚህ አገር ስንት ሰው መሳቢያ ውስጥ ባለ አንድ ውብ የመክፈቻ ገጽ ላይ እንደሚኖር የሚያውቅ ያውቀዋል። ደራሲው ዶስቶየቭስኪን «ቁማርተኛው»ን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1866 በ26 ቀን ያስጻፈው ወዶ የገባበት ደስታ አልነበረም። እስከ ኖቬምበር 1 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ሥራዎቹን ለዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ እንዲያትም ፈርሞ ነበር። አና ስኒትኪና የምትባል የአጭር እጅ ጽሕፈት ተማሪ ቀጥሮ እየተናገረ አስጻፋት። ፊት ለፊትህ እርሳስ ይዛ የምትጠብቅ ሰው ስትኖር ስለ መቃኑ እንጨት ዓመት ማሰብ አይቻልም። ሲያስረክብ አሳታሚው ቤቱ አልተገኘም፤ ጽሑፉን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ። አናን ደግሞ በየካቲት አገባት።

ጥር ላይ ስለሚቦካው ጭቃ ማንም አያወራም፤ ነገሩ ግን ያለው እዚያ ነው። ካዙኦ ኢሺጉሮ «ዘ ሪሜይንስ ኦቭ ዘ ዴይ» የተባለውን መጽሐፉን ዋና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1987 በአራት ሳምንት ጽፎታል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ፣ ደብዳቤም ስልክም ሳይመልስ። የቤቱን ሥራ ባለቤቱ ይዛለት ነበር፤ ይህም መረሳት የለበትም። ኢሺጉሮ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ ግን ስለ እንግሊዝ ቤት አሽከሮችና ስለ ዘመኑ ፖለቲካ ሲያነብ ከርሟል፣ የሚናገረውን ሰው ድምፅም ያውቀዋል። በወሩ መጀመሪያ ቀን አፈር መቆፈር የጀመረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ቢጠፋ ስንፍና አይባልም።

የባለሱቁ ልጅም በእውነተኛው ዋርካ ሥር ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 የናኖራይሞ አስተዳደር በሰው ሠራሽ አስተውሎት መጻፍን ጨርሶ ማውገዝ ድሃውንና አካል ጉዳተኛውን መግፋት ነው የሚል መግለጫ አወጣ። የጸሐፊዎች ቦርድ አባላት የነበሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት ለቅቀው ወጡ። የገንዘብ ችግርና ቀደም ብለው የተነሡ ሌሎች ውዝግቦችም ነበሩ፤ ድርጅቱ በ2025 መዘጋቱን አስታወቀ። ለኔ አስገራሚው ነገር መግለጫው ከሞራል በፊት በሒሳብ መሳቱ ነው። ሽልማት በሌለበት፣ አንባቢ በሌለበት ውድድር፣ ሌላ የጻፈልህ 50,000 ቃል ምን ያደርግልሃል? ከዚያ ወር የሚገኘው ቋሚው የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው፣ እሱም በውክልና አይገኝም።

ስለ ሙሽራዋ ባጭሩ ልበል። ረቂቃቸው ሳይደርቅ አሳታሚ ዘንድ ይሮጡ የነበሩት የናኖራይሞን ስም አጥፍተዋል። ከዚያ ወር የተነሡት መጻሕፍት ግን ብዙ ልስን ያዩ ናቸው። የሳራ ግሩየን «ዋተር ፎር ኤሌፋንትስ» እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ኤሪን ሞርገንስተርን «ዘ ናይት ሰርከስ»ን ከአንድ በላይ በሆኑ ኖቬምበሮች ከጀመረችው ጽሑፍ አውጥታ፣ ለዓመታት ደጋግማ ጽፋው በ2011 ታተመ።

በአማርኛ ለሚሞክር ሰው ቁጥሩም ወሩም መለወጥ አለባቸው ባይ ነኝ። እንግሊዝኛ አምስት ቃል የሚያወጣበትን «አልነገርኋችሁም» በአንድ ቃል የሚጨርስ ሰው 50,000 ቢጽፍ ወፍራም መጽሐፍ ይሆንበታል፤ 30,000 ይበቃዋል፣ በቀን 1,000። ኖቬምበር ደግሞ እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ነው፤ አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ ፀሐዩ ደጅ የሚጠራበት፣ በጽዮን ክብረ በዓል የሚዘጋ ወር። ማን ቤት ይቀመጣል? ለገበሬው ልጅ የካቲት ይሻለዋል። ለከተሜው ነሐሴ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ቀኑ ጨለማ፣ መብራትም ቢሄድ ሻማ ርካሽ። ደግሞ የኛ ወር 30 ቀኑን አያዛባም፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ነሐሴ 30 ላይ 26,000 ቃል ይዞ የቆመ ሰው ጳጉሜን አምስት ቀን ጨምራልኛለች ሊል ይችላል። አይቆጠርም፤ ጳጉሜን ለእንቅልፍ ናት።